ገማይንደን «ክልል» አትበሉብኝ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ።

ባለፈው እትማችሁ ስለ ትንንሽ የአውሮፓ አገሮች በምታቀርቡት ዓምድ ላይ ስለ ሊክተንስታይን የወጣውን ግማሽ ገጽ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። ሦስት ስሕተት አገኘሁበት፤ አንዱን በአቦል፣ አንዱን በቶና፣ ትልቁን ደግሞ በበረካ። አንደኛ፣ አገሪቱ «በ11 ክልሎች የተከፋፈለች ናት» ይላል፤ ክልል ያላቸው ገማይንደ የሚባሉትን የመንደር አስተዳደሮች ነው። ሁለተኛ፣ አጠገቡ የታተመው ካርታ 11ዱን እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ አንዳንድ ቁራሽ አድርጎ ደርድሯቸዋል። ሦስተኛ፣ ጸሐፊው መደምደሚያው ላይ የመገንጠልን መብት በሕገ መንግሥቷ ያሰፈረች አገር በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ብቻ ናት ይላል። ይህን የሚለው ስለማን በሚጽፍበት ገጽ ላይ እንደሆነ ልብ አላለም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ ነኝ። 31 ዓመት ቴዎዶላይት የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ ተሸክሜ ገደል ወጥቻለሁ፤ ችካል ተክያለሁ፤ በወሰን የተጣሉ ጎረቤታሞች መካከል ሜትር ዘርግቼ ከሁለቱም ወገን ተሰድቤያለሁ። የተሳሳተ ወሰን ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባለፈው ክረምት ደግሞ ሦስት ወር ያህል ከልጄ ዘንድ ከርሜ ነበር። ልጄ የምትኖረው ቡክስ በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ሲሆን የምትሠራው ግን ከራይን ወንዝ ማዶ፣ ሊክተንስታይን ውስጥ፣ ሻን በምትባለው ቦታ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እንደ እርሷ ጧት ከውጭ ገብተው ማታ የሚወጡት ሠራተኞች አገሪቱ ውስጥ ካለው የሠራተኛ ቁጥር ከግማሽ በላይ ናቸው። እኔም ብዙ ጊዜ ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ እሸኛት ነበር። ድልድዩ ላይ የጠየቀኝ ወታደር የለም፤ ፓስፖርቴን ከኪሴ አላወጣሁም። ከእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ ጀምሮ ጉምሩካቸው ከስዊዘርላንድ ጋር አንድ ነው፤ የሚገበያዩትም በስዊዝ ፍራንክ ነው።

ከካርታው ልጀምር፤ የሙያዬ ስለሆነ።

አገሪቱ በጠቅላላው 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ጊዜ ትገባለች፤ ሕዝቧም 40 ሺሕ ገደማ ነው። ልጄ የእግር ጉዞ ካርታ ገዝታ ሰጠችኝ። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ከልጅ ልጄ ጋር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በእርሱ የቀለም እርሳሶች 11ዱን ማቅለም ጀመርን። ሳጥኑ ውስጥ 12 ቀለም ነበር፤ ልክ ይበቃናል አልን። ዋና ከተማዋን ቫዱዝን ቀይ አደረግናት። ጨርሰናል ብለን ወደ ሻን ስናልፍ ልጁ ጣቱን ከተራራው ጀርባ ሰድዶ «አባባ፣ ይህችም ቫዱዝ ናት» አለኝ። አየሁ፤ እውነቱን ነው። ቀይ ቀባናት። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ቫዱዝ አገኘ። ሻንን አረንጓዴ ስናደርግ እርሷም እንዲሁ ተራራ ዘልላ በየሸለቆው ተበታትና ተገኘች። ፕላንከን የምትባለው ደግሞ ነዋሪዋ 500 ገደማ የሆነ የዳገት ላይ መንደር ናት፤ እርሷም በዚያ ትንሽነቷ ተቆራርጣ ትገኛለች። ባልዘርስም እንደዚሁ። ሲመሽ ካርታው የተጣጣፈ ብርድ ልብስ መሰለ። የልጁ ቀይ እርሳስ አለቀ።

በእኛ ሙያ ቋንቋ ኩታ ገጠም አይደሉም ማለት ነው። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ፕላን ይዤ ብቀርብ ኖሮ አለቃዬ «ሂድና ደግመህ ለካ» ብሎ ይመልሰኝ ነበር። ነገር ግን ስሕተት አይደለም። ምክንያቱ ላም ነው። ሰው የሚኖረው ራይን ዳር ካለው ሜዳና ከተራራው ግርጌ ነው። ከብቱ ግን በሰኔ ወደ ተራራው ግጦሽ ይወጣና መስከረም ላይ ይወርዳል። መንደሮቹ ጥንት በጋራ ይጠቀሙባቸው የነበሩትን ግጦሾችና ደኖች በየዘመኑ ሲካፈሉ፣ ለቫዱዝ የደረሳት ግጦሽ ከቫዱዝ ተራራ ተሻግሮ የሚገኝ ቢሆንም ያው የቫዱዝ ነው ተባለ። በኋላ መንግሥት መጥቶ የአስተዳደር ወሰን ሲያሰምር ላሟ የረገጠችውን ተከትሎ አሰመረ። ቀያሹ የደረሰው ከላሟ በኋላ ነው ማለት ነው።

ይህ ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም። የመንዝ ልጅ ነኝ። ጓሳን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያ ሰፊ ደጋ የአስቦና የጌራ ተብሎ በአቅኚ አባቶች ተከፍሎ፣ ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ ሲደርስ ብቻ የሚከፈት፣ ቄሮ በሚባል የቆየ የወል ጥበቃ ሥርዓት የሚጠበቅ መሬት ነበር። አባቴ የጓሳ ሣር አጭዶ ቤት ሲከድን አይቻለሁ። እዚያ ድርሻ እንዲኖርህ ትውልድህ መቆጠር ነበረበት። ሊክተንስታይን ውስጥም ዛሬ ድረስ በአንዳንዶቹ መንደሮች የወል መሬቱን የያዙት የነባር ተወላጆች ማኅበራት ናቸው። መንደሩ ውስጥ ቤት ሠርቶ 40 ዓመት የኖረ መጤ የማኅበሩ አባል ላይሆን ይችላል። ልጄ ይህን ስታስረዳኝ «ርስት ነዋ!» አልኳት። «ምን ማለት ነው?» አለችኝ። እዚያ ብዙ በመቆየቷ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ። «ክልል» ያላችሁት በእነርሱ ቋንቋ ገማይንደ ይባላል። ሥሩ የጋራ፣ የወል ማለት ነው። ክልል ደግሞ መከለል ነው፤ አጥር ነው። አንዱ ቃል በረት ሲሆን ሌላው ግጦሽ ነው። በዚያ ላይ የእኛ አንባቢ «ክልል» ሲባል የሚታየው ፕሬዚዳንት ያለው፣ ካቢኔ ያለው፣ ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ምድር ነው። ሸለንበርግ እኮ ከ4 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰች ናት! ከጫፍ እስከ ጫፏ በእግር ሄጄ ለምሳ ተመልሻለሁ።

ታዲያ ምን እንበለው? ይህን ነገር ከልጄ ጋር ስንከራከር ሰንብተናል። እርሷ «ቀበሌ በለው» አለች። በስፋቱ ይቀርባል። ነገር ግን የእኛ ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የተፈጠረ፣ ከላይ ወደ ታች የወረደ ነው፤ ብዙዎቹን የከፈላቸው የመሐንዲስ እርሳስ ነው። እኔ ራሴ አንዳንዱን ስከፍል ነበርኩ። ገማይንደ ግን ከአገሪቱ ይቀድማል። የሊክተንስታይን መሳፍንት ሀብታቸው ኦስትሪያና ቦሄሚያ ውስጥ የነበረ፣ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ሸንጎ ላይ ወንበር እንዲያገኙ ብቻ መሬት የፈለጉ ባለጠጎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1699 የሸለንበርግን ግዛት በ115 ሺሕ ጉልደን ገዙ፤ በ1712 ደግሞ የቫዱዝን በ290 ሺሕ። በ1719 ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ ሁለቱን አንድ አድርጎ በገዢዎቹ ቤተሰብ ስም ሰየማቸው። አገሪቱ የሻጭና የገዢ ውል ያላት ናት ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ከ120 ዓመት በላይ አንድም ነጋሢ መስፍን የገዛውን መሬት ለማየት አልመጣም። እነ ባልዘርስና ኤሸን ግን ሽያጩ ከመፈጸሙ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነበሩ፤ ላሞቻቸውም ተራራው ላይ ነበሩ።

ያ የሁለት ጊዜ ግዢ እስከ ዛሬ አልተረሳም። ታችኛው አገር የሚባለው በ1699 የተገዛው ነው፤ አምስት ገማይንደዎች አሉት፦ ኤሸን፣ ጋምፕሪን፣ ማውረን፣ ሩገልና ሸለንበርግ። ላይኛው አገር በ1712 የተገዛው ሲሆን ስድስት አሉት፦ ቫዱዝ፣ ሻን፣ ትሪዘን፣ ትሪዘንበርግ፣ ባልዘርስና ፕላንከን። የግዢውን የ300 ዓመት በዓል እንኳ አብረው አላከበሩም፤ ታችኛው በ1999፣ ላይኛው በ2012። ፓርላማቸው 25 መቀመጫ አለው፤ 15ቱ የላይኛው፣ 10ሩ የታችኛው ነው። መንግሥቱ አምስት ሰዎች ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ ከእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ ሁለት መኖር አለባቸው። ጽሑፋችሁ ይህን ሁሉ «አነስተኛ በመሆኗ የውስጥ ክፍፍል የላትም» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አልፎታል፤ 11 ክልል አላት ካለ ከሦስት መስመር በኋላ።

«ወረዳ»ስ? ይህም አልመጣልኝም፤ ወረዳ የበላይ አለው፤ ዞን አለ፣ ክልል አለ። ገማይንደ ግን ከበላዩ ያለው አገሪቱ ብቻ ናት። በዚያ ላይ በራሱ እጅ ያለው ነገር ከወረዳ ያልፋል። መንግሥት ከአንድ ሰው 100 ፍራንክ ግብር ቢሰበስብ፣ ገማይንደው በዚያ ላይ ቢያንስ 150 ፍራንክ ለራሱ ያስከፍላል፤ እስከ 250 ድረስ ማድረስም ይችላል። ሦስት ገማይንደዎች ከተስማሙ ሕግ እንዲወጣ ሐሳብ ማቅረብ ይችላሉ፤ አራት ከሆኑ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ጭምር። የአንዱ ገማይንደ ተወላጅ ያልሆነ የአገሪቱ ዜጋ የለም። አንድ የውጭ ሰው 10 ዓመት ከኖረ በኋላ ዜግነት ቢጠይቅ፣ የሚኖርበት ገማይንደ ዜጎች ድምፅ ይሰጡበታል። ጎረቤቶችህ ይመርጡሃል ወይም ይጥሉሃል። ያንን ፈተና ያልፈለገ 30 ዓመት መቆጠር አለበት።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። በሙያዬ የጎረቤት ፍርድ ምን ያህል መራር እንደሆነ አይቻለሁ፤ የአንድ ክንድ መሬት ጉዳይ ለሃያ ዓመት ሲያጣላ አይቻለሁ። እዚያም መራር ጎኑን ያየሁት ከአንዲት የሸለንበርግ ሴት ወይዘሮ አፍ ነው።

እኒህ ሴት ልጄ የምትንከባከባቸው አረጋዊት ናቸው። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ምላሳቸው ግን ስለት ነው። አንድ እሑድ ልጄን ስጠብቅ መስኮት ዳር ካለው ወንበር አስቀመጡኝና ብስኩት አቀረቡልኝ። ልጄ መካከል ሆና ታስተረጉማለች። እኅታቸው ቫዱዝ አግብታ ትኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የቫዱዝ ወንዶች ድምፅ ሰጥተው ሴቶቻቸው በገማይንደው ምርጫ እንዲሳተፉ ፈቀዱ። እኅትየው ድምፅ ሰጥታ በአውቶቡስ ሸለንበርግ መጣችና ቡና ላይ ተኩራራችባቸው። እርሳቸው መንደር ወንዶቹ አልፈቀዱም። እያንዳንዱ ገማይንደ ለራሱ ሴቶች በራሱ ጊዜ ነበር የሚወስነው። በ1984 አገሪቱ በሕዝበ ውሳኔ፣ ለዚያውም በጥቂት ድምፅ ልዩነት፣ ለሴቶች የፓርላማ ምርጫን ፈቀደች፤ ከዚያ በፊት በ1971 እና በ1973 ወንዶቹ እምቢ ብለው ነበር። ሸለንበርግ ግን ከመጨረሻዎቹ ጥቂት ገማይንደዎች ጋር እስከ 1986 ቆየች። ስለዚህ ወይዘሮዋ መስፍኑ ፊት ለሚቀመጠው ፓርላማ ድምፅ የመስጠት መብት ኖሯቸው፣ በራቸው ላይ ያለውን መንገድ የሚያስጠርገውን ምክር ቤት መምረጥ ግን አይችሉም ነበር። «ባልዎ ምን ብለው ድምፅ ሰጡ?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጄ ይህን መተርጎም አፈረች። ወይዘሮዋ ጥያቄውን ያለ አስተርጓሚ ገባቸው መሰለኝ፤ ብስኩቱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ብላ» አሉኝ።

አሁን ወደ በረካው ስሕተት ልምጣ። ጸሐፊያችሁ ብቸኛ ነን ብሎ የሚኮራ ይሁን የሚያዝን አልገባኝም፤ ብቻ ተሳስቷል። የሊክተንስታይን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 እያንዳንዱ ገማይንደ ከአገሪቱ የመውጣት መብት አለው ይላል። ይህ የገባው መስፍን ሃንስ አዳም 2ኛ ባቀረቡት ማሻሻያ ሲሆን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 በሕዝበ ውሳኔ 64 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ ጸደቀ። ያ ሕዝበ ውሳኔ ብዙ የተጨቃጨቁበት ነው፤ መስፍኑ ካልጸደቀ ወደ ቪየና እሄዳለሁ ብለው ነበር። የተጣሉት ግን በዋናነት በመስፍኑ ሥልጣን ላይ እንጂ በመገንጠሉ ላይ አይደለም። አሠራሩም ከእኛ ይለያል። የእኛው አንቀጽ 39 መብቱን የሚሰጠው ለብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ነው፤ የሁለት ሦስተኛ የምክር ቤት ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚደረግ ሕዝበ ውሳኔ ወዘተ. እያለ ይቀጥላል። የእነርሱ መብቱን የሰጠው ለመንደር ነው። የመንደሩ ድምፅ ሰጪ ዜጎች በአብላጫ ድምፅ ከወሰኑ ሂደቱ ይጀመራል፤ ዝርዝሩ በሕግ ወይም በስምምነት ይወሰናል፤ በስምምነት ከሆነ ድርድሩ ሲያልቅ መንደሩ እንደገና ድምፅ ይሰጣል። ስለ አንቀጽ 39 ሐሳቤን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ዛሬ የማስተካክለው ቁጥር ነው። የካሪቢያኗን ሴንት ኪትስና ኔቪስን ጨምራችሁ ቁጠሩ፤ ኔቪስ እ.ኤ.አ. በ1998 ሞክራ ሁለት ሦስተኛው ሳይሞላላት ቀርቷል።

ይህን አንቀጽ ካወቅኩ በኋላ ፕላንከንን ሳላያት መመለስ አልቻልኩም። ከሻን አውቶቡስ ይወጣል፤ ጫካ መሐል እየተጠማዘዘ ይሄድና ቤቶቹ ዳገት ላይ ብቅ ይላሉ። ትንሽ የጸሎት ቤት፣ ታች ሙሉ የራይን ሸለቆ፣ ከማዶ የስዊዘርላንድ ተራሮች። አንድ ሽማግሌ አጥራቸውን ቀለም ሲቀቡ አገኘሁ። በሰበርባራ እንግሊዝኛ፣ እርሳቸውም በሰበርባራ፣ መግባባት ቻልን። ቀያሽ መሆኔን ስነግራቸው ብሩሻቸውን አስቀምጠው አጥራቸው ሥር ያለውን የወሰን ድንጋይ አሳዩኝ። ሣሩን በእጃቸው ገለጥ አደረጉልኝ፤ ጠርዙ የተሸረፈ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ አናቱ ላይ የመስቀል ምልክት ተቀርጾበታል። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት። ባለቤቱ ሳይሆን እኔ የተከልኩት ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ «ሕገ መንግሥታችሁ ፕላንከን ብትፈልግ መገንጠል ትችላለች ይላል አሉ፤ እውነት ነው?» አልኳቸው። «እውነት ነው» አሉ። «ታዲያ አላሰባችሁም?» አልኳቸው። አውቶቡሱ ያወረደኝን ቦታ በብሩሹ እያመለከቱ «ወዴት እንሄዳለን? መንገዱ የሚያልቀው እዚህ ነው» አሉኝ።

ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቀው እርማት አጭር ነው። 11 ክልሎች የሚለው ተሰርዞ 11 ገማይንደዎች ይባል። ካልጣማችሁ «አጥቢያ» በሉት፤ ከቀረቡልኝ ቃላት ሁሉ ያቺ ትሻላለች፤ ሰዎቹ፣ መሬታቸውና ቤተ ክርስቲያናቸው አብረው የሚቆጠሩበት ቃል ነው፤ አዋጅም አላወጣትም። ልጄ ግን በዚህም አልተስማማችም፤ ከአንባቢዎቻችሁ የተሻለ ያለው ቢጽፍ እሷን ለማሳመን ይጠቅመኛል። የብቸኝነቱ ዐረፍተ ነገር ይውጣ። ዋና ከተማዋንም «ትልቋ ከተማ» ብላችኋታል፤ ለብዙ ጊዜ ሻን በሕዝብ ብዛት በጥቂት ስትበልጣት ኖራለች፤ በስፋት ደግሞ 30 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ያላት ትሪዘንበርግ ናት ትልቋ። የትሪዘንበርግ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1300 ገደማ ከስዊዘርላንዱ ቫሊስ የመጡ ቫልሰሮች ናቸው፤ እስከ ዛሬ ታች ያሉት ጎረቤቶቻቸው የማይናገሩት የራሳቸው አነጋገር አላቸው። ስለ እነርሱ ብቻ አንድ ገጽ ይወጣው ነበር፤ እናንተ ስለ ቴምብር ጻፋችሁ።

ካርታውን በተመለከተ፣ እኔና የልጅ ልጄ ያቀለምነውን ይዤ መጥቻለሁ። ለማተም ከፈለጋችሁ በአካል አመጣላችኋለሁ። ቀዩ ላይ ትንሽ ፈዝዟል፤ እርሳሱ ስላለቀ የመጨረሻዎቹን ሁለት የቫዱዝ ቁራጮች በብርቱካናማ ነው የጨረስናቸው። ፎቶ ካነሳችሁት በኋላ ግን ትመልሱልኛላችሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤
ጡረተኛ ቀያሽ፣ ከኮተቤ